ከጎሬ እስከ መቱ፦ ሴት የጤና ባለሙያዎች ለልጃገረዶች የከፈቱት መንገድ

መግቢያ

በአማርኛ «ሙያ» የሚለው ቃል የቆየ ታሪክ አለው። በቀድሞው ዘመን አንድ ወንድ «ሙያ ሠራ» ከተባለ በጦር ሜዳ ጀግንነት መፈጸሙን ያመለክት ነበር። አንዲት ሴት «ባለሙያ ናት» ስትባል ደግሞ ወጡን አሳምራ የምትሠራ፣ ጥጡን አቅጥና የምትፈትል፣ ጠላውንና ጠጁን በወግ የምትጥል መሆኗን ሁሉም ይረዳ ነበር። ዛሬ ያው ቃል «የጤና ባለሙያ» በሚለው ስያሜ ውስጥ ገብቶ ሐኪሙንም፣ ነርሷንም፣ አዋላጇንም፣ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስቱንም በአንድነት ይጠራል። ቃሉ ከማጀት ወጥቶ ወደ ሕክምና ክፍል የገባበት ጉዞ ግን በራሱ የተገኘ አይደለም። በየዘመኑ ቀድመው የተራመዱ ሴቶች በየደረጃው ከፍለው ያስገኙት ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት አንዲትን ልጃገረድ በአዋጅ ከትምህርት ቤት አያስወጣትም። የሚጎዳት ከዚያ በረቀቀ መንገድ ነው፤ ራሷን በምን ቦታ ላይ ልታስብ እንደምትችል አስቀድሞ ይወስንባታል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ቀዶ ሐኪም መሆን እንደማትችል ማንም ሳይነግራት ሐሳቡ ጨርሶ ላይመጣባት ይችላል። ያላዩትን መመኘት አስቸጋሪ ነውና። የሴት አርአያዎች ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛትና በአጎራባቹ፣ ባለፉት ሰማንያና ዘጠና ዓመታት ከታየው ታሪክ አንጻር ይመረምራል። አካባቢው ዛሬ በኢሉ አባ ቦርና በቡኖ በደሌ ዞኖች የተከፈለ ሲሆን፣ ጎሬ፣ መቱ፣ በደሌ፣ ያዮ፣ ሁሩሙና ቡሬን የመሳሰሉ ከተሞች ይገኙበታል። ከአዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በቡናና በማር የታወቀና በደን የተሸፈነ አገር ነው። ርቀቱና ክረምቱ የሚያስከትሉትን ችግር በዚያ የሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። በመሆኑም አርአያ የሚባለው ሰው ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ለማየት ተስማሚ ስፍራ ነው።

የሕክምና በር በሌላው ዓለም እንዴት ተከፈተ

የሴቶች ከሕክምና ሙያ መገለል የኢትዮጵያ ብቻ ችግር እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። ኤልሳቤጥ ብላክዌል በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1849 ሲሆን፣ በዚያ አገር ይህን ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1859፣ ብላክዌል ወደ ለንደን ሄዳ ስለ ሴቶችና ሕክምና ንግግር አደረገች። ከአድማጮቿ መካከል ኤልሳቤጥ ጋሬት የምትባል ወጣት ነበረች። ጋሬት ከዚያ በኋላ ሐኪም ለመሆን ቆርጣ ተነሳች። የሕክምና ትምህርት ቤቶች በራቸውን ቢዘጉባትም በሌላ መንገድ ተፈትና እ.ኤ.አ. በ1865 ፈቃድ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1876 የብሪታንያ ፓርላማ ተቋማት ለሴቶች የሕክምና ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስችል ሕግ አወጣ።

ቅደም ተከተሉ ትምህርት አለው። በመጀመሪያ አንዲት ሴት ታየች፤ ቀጥሎ ያያቻት ሌላዋ ተነሳች፤ ሕጉ የመጣው በመጨረሻ ነው። ሕግና መመሪያ በሩን ሰፋ አድርገው ይከፍቱ ይሆናል። በሩ መኖሩን ለተከታዮቿ የምታሳየው ግን ብዙውን ጊዜ ቀድማ ያለፈችው ሴት ናት።

ጎሬ በ1928 ዓ.ም.

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ወደ ምዕራብ ተዛወረ። ጎሬ፣ የኢሉባቦር ዋና ከተማ፣ ጊዜያዊው መንግሥት የተቋቋመባት ስፍራ ሆነች። ልዑል ራስ እምሩም በዚያው በምዕራብ አገር ተጋድሎውን መሩ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ሌሎች ምሁራን የመሠረቱት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም በዚሁ ወቅት በምዕራብ ተንቀሳቀሰ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም እንደነበሩ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስታወሱ ተገቢ ነው።

ከዚህ ማኅበር ጋር ከተሰለፉት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኙበታል። በስዊዘርላንድ የተማሩት ስንዱ በወራሪው እጅ ወድቀው ወደ ኢጣሊያ በግዞት ተወስደዋል። ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫም የፓርላማ አባል በመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ስንዱ የጤና ባለሙያ አልነበሩም። ሆኖም በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ በየቀኑ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር እያዩ ያደጉ ልጃገረዶች ሁኔታ ከዚያ በፊት ከነበረው የተለየ ነበር። ቀደም ሲል በትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ላይ ያዩ የነበሩት የውጭ አገር ሴቶችን ነው። የውጭ አገር ሴት ስታዝዝ ያየች ልጅ «እነሱ እንደዚህ ናቸው» ብላ ልታልፈው ትችላለች። በአነጋገሯ፣ በአለባበሷና በእምነቷ እናቷን የምትመስል ሴት ስታዝዝ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ልዕልት ፀሐይ፦ የነርስ ልብስ የለበሰች የንጉሥ ልጅ

በኢትዮጵያ የነርስነት ታሪክ ውስጥ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም በመጀመሪያው ረድፍ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1919 የተወለዱት ልዕልት፣ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1939 በነርስነት ተመዘገቡ። ነፃነት ሲመለስም ወደ አገራቸው መጥተው በሙያቸው ማገልገል ጀመሩ።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት የነርስነት ሥራ በዚያን ጊዜ እንዴት ይታይ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ቁስል ማጠብ፣ የሕመምተኛን ሰገራና ሽንት ማንሳት፣ ሌሊት ከማይታወቅ ሰው አጠገብ ማደር ለጨዋ ልጅ የሚገባ ሥራ ተደርጎ አይታሰብም ነበር። ከዚህም ሌላ በሚሲዮን ሆስፒታሎችና በጦር ሠራዊቱ ውስጥ «ድሬሰር» እየተባሉ የሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ረዳቶች በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። በኋላ ነርስነት «የሴት ሥራ» ተብሎ መታወቁ ሙያ በተፈጥሮ ጾታ እንደሌለው፣ ጾታ የሚሰጠው ዘመንና ልማድ መሆኑን ያሳያል። የንጉሥ ልጅ ይህን ልብስ ለብሳ በሆስፒታል ስትታይ፣ «ለጨዋ ልጅ አይገባም» የሚለው ቃል ከነበረው ክብደት ብዙው ተነሳለት።

የልዕልቲቱ አገልግሎት ግን አጭር ነበር። ከጋብቻቸው በኋላ ከባለቤታቸው ከአብይ አበበ ጋር ወደ ወለጋ ሄዱ፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ነቀምት ከበደሌ ጋር በመንገድ የምትገናኝ የኢሉባቦር ጎረቤት ናት። በአገሪቱ ከነበሩት ጥቂት የሠለጠኑ ነርሶች አንዷ፣ ያውም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በዚያ አካባቢ እንደ ብዙዎቹ ስማቸው ያልተመዘገበ እናቶች በወሊድ ምክንያት ማለፋቸው የእናቶች ሞት ማንንም እንደማይመርጥ ያስረዳል። እንዲህ ያለ ሞት የሚቀንሰው የሠለጠነ እጅ በየስፍራው ሲኖር መሆኑንም ያመለክታል።

በስማቸው የተሠራው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ለግንባታው ሲልቪያ ፓንክረስት ብዙ የደከሙለት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። አስቀድሞም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ያቋቋመው የነርሶች ትምህርት ቤት ሥልጠና ጀምሮ ነበር። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡት ሴቶች ከማጀት ውጭ በደመወዝ ሲሠሩ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ የአገራችን ሴቶች መካከል ናቸው። በዚያው ትውልድ ውስጥ ዶክተር ውዳድ ኪዳነ ማርያም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሐኪም በመሆን ስማቸውን አስመዝግበዋል።

የማኅበረሰብ ነርሷ ወደ ክፍለ ሀገር ስትመጣ

ልዕልት ሩቅ አርአያ ናት። የጎሬ ወይም የመቱ ልጃገረድ ፎቶግራፏን በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ልታይ ትችላለች፤ መንገዷን ግን ልትከተል አትችልም። ለዚህ የሚቀርብ ሰው ማግኘት የተቻለው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ነው። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር፦ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን። ሦስቱ በአንድ ቡድን ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ በሚከፈቱ ጤና ጣቢያዎች ይመደቡ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ጤና መኮንኑና ሳኒታሪያኑ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ሲሆኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷ ሴት ነበረች።

የዚህች ነርስ ሥራ ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጭ ይዘልቅ ነበር። ነፍሰ ጡሮችን ትመረምራለች፤ ቤት ለቤት እየዞረች አራሶችን ትጠይቃለች፤ ሕፃናትን ትመዝናለች፤ በትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና ታስተምራለች። በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ደመወዝ የምትቀበል፣ ዩኒፎርም ለብሳ በአደባባይ የምትሄድ፣ ሹማምንት ቆመው የሚያነጋግሯት ወጣት ሴት መኖሯ ራሱ ትምህርት ነበር። የጤና ትምህርቱን የሰሙ እናቶች ስለ ንጽሕና የተማሩትን ቢረሱ እንኳ፣ ያስተማረቻቸው ሴት መሆኗን ላይረሱ ይችላሉ።

በዚህ አደረጃጀት ውስጥ ግን አንድ ልንዘነጋው የማይገባ ጉድለት ነበር። ቡድኑን የሚመራው ጤና መኮንኑ ነው። ስለዚህ ልጃገረዷ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትማራለች፦ ሴት በጤና ሙያ መሠማራት እንደምትችል፣ ነገር ግን በወንድ አመራር ሥር እንደምትሠራ። አርአያነት በሩን እንደሚከፍት ሁሉ ጣሪያውንም ያሳያል። ልጆች ያዩትን ያህል ነው የሚመኙት።

እ.ኤ.አ. በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት መቋቋሙ ለደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ከፍተኛ የሕክምና ትምህርትን አቀረበ። በደርግ ዘመን የኢሉባቦር ዋና ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ መዛወሯም መቱን የአካባቢው የአገልግሎት ማዕከል አደረጋት። በኋላም ከካርልሃይንዝ ቦም ስም ጋር የተያያዘው የመቱ ካርል ሆስፒታል፣ የመቱ ጤና ሳይንስ ኮሌጅና በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የመቱ ዩኒቨርሲቲ ከተማዋን የጤና ባለሙያ የሚሠራባት ብቻ ሳትሆን የሚፈራባት አደረጓት። ስለዚህ ዛሬ በመቱ የምታድግ ልጅ ነርስ ወይም ሐኪም ለመሆን የግድ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሄደችን ሴት ወሬ መስማት አይጠበቅባትም። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሴት ተማሪዎችን በገበያ መንገድ ላይ ልታያቸው ትችላለች።

ከሕመምተኛነት ወደ ቀዶ ሕክምና

በአርአያነት ታሪክ ውስጥ ከወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ማሚቱ በገጠር ያደጉና ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ነበሩ። ገና በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ለቀናት በቆየ ምጥ ልጃቸውን አጥተው፣ የፌስቱላ ጉዳት ደርሶባቸው በ1950ዎቹ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። በዚያም አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን አከሟቸው። ሁለቱ ሐኪሞች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶችን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር።

ማሚቱ ከዳኑ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። አልጋ በማንጠፍና ሌሎች ሕመምተኞችን በመርዳት ጀመሩ፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፤ ከዚያም በዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን መሪነት እጃቸውን በእጃቸው ላይ አድርገው መስፋት ተማሩ። በጊዜ ብዛት ፌስቱላን የሚጠግኑ፣ ከዚያም አልፈው ለሥልጠና የሚመጡ ሐኪሞችን የሚያለማምዱ የተካኑ ባለሙያ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቢቢሲ በዓለም ዙሪያ ከመረጣቸው 100 ሴቶች አንዷ ሆኑ።

ለአንዲት በሽንት መፍሰስ ምክንያት ከባሏ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ፣ ከዕድርና ከገበያ ለተገለለች ወጣት፣ የሚያክማት እጅ አንድ ጊዜ እንደ እርሷ የነበረች ሴት እጅ መሆኑን ማወቅ ከመድኃኒት የማይተናነስ ነገር ነው። እዚህ ላይ አርአያ የሚያስተላልፈው መልእክት «ሴት ቀዶ ሕክምና ልትሠራ ትችላለች» ከሚለው ያልፋል። «እንደ እኔ ያለች ሴት» የሚለው ነው ኃይሉ።

ታሪኩን ለመቱ የሚያቀርበው ሌላም ምክንያት አለ። በ1967 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከጊዜ በኋላ በአገሪቱ አምስት ቅርንጫፍ ማዕከላትን ከፍቷል፤ እነርሱም ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ናቸው። የመቱው ማዕከል ከ2000 ዓ.ም. በኋላ አገልግሎት በመጀመሩ የምዕራቡ ሕመምተኛ ወደ አዲስ አበባ የምታደርገው ረጅም ጉዞ ቀርቶላታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የሃምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ደግሞ ከገጠር አካባቢዎች የመጡ ልጃገረዶችን ተቀብሎ በዲግሪ ደረጃ እያሠለጠነ በገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲያገለግሉ ይልካል። የአሠራሩ ጥበብ ባለሙያዋን ወደ መጣችበት ሕዝብ መመለሱ ነው። ተመላሿ አዋላጅ ምጥ ከማየቷ በተጨማሪ፣ ወንዙ ዳር ውኃ ስትቀዳ የሚያውቋት ልጆች ፊት ሌላ ሰው ሆና ትቆማለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ለዚሁ ዓላማ ባይነደፍም፣ በአገራችን ታሪክ ታላቁ የሴት አርአያዎች ስምሪት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየቀበሌው ሁለት ባለሙያዎች ተመደቡ፤ ከአርብቶ አደር አካባቢዎች በቀር ሴቶች ነበሩ። ከአካባቢው ተመልምለው፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና ቋንቋውን የሚናገሩ ሆነው፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው 16 የጤና ፓኬጆችን እንዲተገብሩ ተሰማሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነ።

በኢሉባቦር ጫካ መካከል በምትገኝ ቀበሌ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይቻላል። ከዚያ በፊት በቀበሌው ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች መምህሩና የግብርና ባለሙያው ነበሩ፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ወንዶችና ከሌላ ስፍራ የመጡ ናቸው። አሁን ግን በአፋን ኦሮሞ የምታስተምር፣ መዝገብ የምትይዝ፣ ክትባት የምትሰጥ፣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሪፖርት የምታቀርብ የጎረቤት ልጅ ተገኘች። አባትየው ሴት ልጁን ለማስተማር የሚያወጣው ወጪ መልሶ የሚታይ ነገር ሆነለት። የአርአያነት ተጽዕኖ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ገጽታ ይህ ነው፤ ልጅቷ ብቻ ሳትሆን ወላጆቿም ያያሉ፤ ጫትና ቡና ከመልቀም ወይም ከቶሎ ጋብቻ ይልቅ ደብተር እንዲገዙላት የሚወስኑት እነርሱ ናቸውና።

በጤናው ረገድ የተገኘው ለውጥ የብዙ ምክንያቶች ድምር ቢሆንም በቁጥር ይታያል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 871 የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደርሰዋል። እናቶችን ወደ ተቋም ካመጣቸው ነገር አንዱ በር የምታንኳኳዋ ሴት ባለሙያ ናት።

አርአያነት እንዴት ይሠራል

እስካሁን የተነገረው ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚጠቁመውን በጥናት ማረጋገጥ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ከሚሰጡት ምርምሮች አንዱ በሕንድ የተደረገው ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት ከመንደር ምክር ቤቶች የሊቀ መንበርነት ቦታዎች ሢሶው ለሴቶች እንዲጠበቅ ተደረገ፤ መንደሮቹም የተመረጡት በዕጣ ነበር። ስለዚህ ሴት መሪ የነበራቸውንና ያልነበራቸውን መንደሮች ማወዳደር ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት በምዕራብ ቤንጋል 495 መንደሮችን ይሸፍናል። ለሁለት የምርጫ ዘመን ሴት መሪ ባዩ መንደሮች፣ በወጣት ወንዶችና ሴቶች መካከል ያለው የምኞት ልዩነት በ32 ከመቶ ጠብቧል፤ በትምህርት ደረጃ የነበረው ልዩነትም ጠፍቷል። ልጃገረዶቹ በቤት ውስጥ ሥራ ላይ የሚያጠፉት ጊዜም ቀንሷል። ተመራማሪዎቹ ለወጣት ሴቶች የተከፈተ አዲስ የሥራ ዕድል አላገኙም፤ ስለዚህ ለውጡ በዋናነት የመጣው ከአርአያነት እንደሆነ ገመቱ።

ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ውጤቱ ጎልቶ የታየው ሴት መሪ ለሁለት ዘመን በታየችበት ስፍራ ነው። አንድ ቀን መጥታ ንግግር አድርጋ የምትሄድ እንግዳ ከዓመት ዓመት አብራ ከምትኖር ባለሙያ ጋር እኩል አይደለችም። ሁለተኛ፣ መሪዎቹ ታዋቂ ሰዎች አልነበሩም፤ የመንደሩ ሴቶች ነበሩ።

ከዚህና ከራሳችን ታሪክ ተነስተን አርአያ የሆነች ሴት ሦስት ነገር ታደርጋለች ማለት እንችላለን። በመጀመሪያ የሚቻል መሆኑን ታሳያለች። ቀጥሎም መንገዱን ትጠቁማለች፤ የትኛውን ፈተና ማለፍ እንደሚያስፈልግ፣ በማደሪያ ክፍል እንዴት እንደሚኖር፣ ገንዘብ ሲያልቅ ማን እንደሚጠየቅ የምታውቀው ያለፈችበት ናት። በመጨረሻም በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ስለ ልጃገረዶች የሚሰጡትን ግምት ትለውጣለች። ልዕልት ፀሐይ የመጀመሪያውን በሚገባ ፈጽመዋል። ሦስቱንም በአንድነት ለመፈጸም የሚቀርበው ግን ወደ መንደሯ የተመለሰችው አዋላጅና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናቸው።

የአርአያነት ወሰን

አርአያነት ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ መናገርም ግዴታ ነው። ማሚቱ ጋሼ ችሎታቸው የወጣው መሣሪያውን በእጃቸው ላይ ያኖረ፣ ጊዜ ሰጥቶ ያስተማረ ሐኪም ስለነበረ ነው። አርአያ ልጅቷን ታነሳሳለች፤ የሚያስተምራት፣ የሚመክራትና ቦታ የሚሰጣት ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያ ሰው ወንድም ሊሆን ይችላል።

በተጨማሪም አርአያ የሆነችው ባለሙያ የምትኖርበት ሁኔታ ለልጃገረዶቹ መልእክት አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከጤና ውጭ ባሉ ሥራዎች ተጭና፣ የደረጃ ዕድገት ሳታገኝ ለዓመታት ስትቆይ ካዩ፣ የሚማሩት ትምህርት የተገላቢጦሽ ነው። ሌሊት ለምጥ የምትጠራው አዋላጅ ደኅንነቱ የተጠበቀ መኖሪያና የሚሸኛት ሰው ከሌላት፣ ወላጆች «ልጄን ለዚህ አልሰጥም» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ የሴት ባለሙያዎችን የሥራ ሁኔታ ማሻሻል የአሁኖቹን ሠራተኞች ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም፤ የነገዎቹን ምልመላ የሚወስን ነው።

ሴቶችን በአንድ ዓይነት የጤና ሥራ ብቻ ማሳየትም የቆየውን ልማድ በአዲስ መልክ ሊያድስ ይችላል። ሴት አዋላጅ እንጂ ሴት ቀዶ ሐኪም፣ ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንጂ ሴት የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ካልታየች፣ ከማጀት ወጥተን ሌላ ማጀት ሠራን ማለት ነው። በዚህ ረገድ ዶክተር ሊያ ታደሰ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎም ዶክተር መቅደስ ዳባ በጤና ሚኒስትርነት መመደባቸው ጣሪያው ከፍ ማለቱን ያሳያል። ሁለቱም የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ሚኒስትሯ ለመቱ ልጃገረድ ልክ እንደ ልዕልቲቱ ሩቅ ናት። በመካከል ያለው መሰላል፣ ማለትም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዋ፣ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተርና የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ሴት የሚታይበት መሆን ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለጤና ባለሙያዎችና ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች የሚከተሉት ሐሳቦች ይመነጫሉ። በአንድ ከተማ የሚገኝ ሆስፒታል በአቅራቢያው ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር ቋሚ ግንኙነት ቢመሠርትና ያችው ባለሙያ በዓመቱ ውስጥ ደጋግማ ብትሄድ፣ ለአንድ ቀን ከሚዘጋጅ ትልቅ በዓል የተሻለ ይጠቅማል። የምትላከውም ባለሙያ የልጆቹን ቋንቋ የምትናገርና ከተቻለም በዚያው አካባቢ ያደገች ብትሆን ይመረጣል። ስለ ውጤቷ ብቻ ሳይሆን ስለ ወደቀችበት ፈተናና ስለ ተነሳችበት መንገድ ብትናገር ይበልጥ ትታመናለች። የኤክስሬይ ባለሙያዋ፣ የሰመመን ሰጪዋና የባዮሜዲካል ቴክኒሻኗም መታየት ይገባቸዋል። ወላጆች ቢጋበዙ ደግሞ ፍሬው ይበዛል።

የየተቋሙን ታሪክ መጻፍም የዚሁ ሥራ አካል ነው። በየጤና ጣቢያው ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ያገለገሉ የማኅበረሰብ ነርሶችና አዋላጆች ስም ብዙውን ጊዜ በደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ይገኛል። ፎቶግራፋቸው በተቋሙ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ያገለገሉበት ዘመን ቢጻፍበት፣ ለመከተብ ከእናቷ ጋር የመጣች ልጅ ሁሉ ቆማ ታነበዋለች።

ልዕልት ፀሐይ በነቀምት ባረፉበት ዘመን በምዕራቡ አገር የሠለጠነች ሴት ነርስ ማግኘት ብርቅ ነበር። ዛሬ በመቱ ብቻ የጤና ሙያ የሚያስተምሩ ተቋማትና ፌስቱላን የሚያክም ማዕከል አሉ። በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለውን ርቀት ያጠበቡት ሴቶች ብዙዎቹ አርአያ እንሁን ብለው የተነሱ አይደሉም፤ ሥራቸውን ሠሩ፤ ሥራቸው ታየ። የእኛ ድርሻ እንዲህ ያለው ሥራ በሚታይበት ስፍራ እንዲሠራ፣ የሠራችውም ተከብራ እንድትኖር ማድረግ ነው። እነርሱን አይታ የምትነሳው ልጅ ነገ የአንዲትን እናት ሕይወት የምታተርፍ ባለሙያ ትሆናለችና።